በቦንጋ ቤታችን የገባው የሸክላ ማጫወቻ

አሮጌ ዕቃ መግዛት ብልህነት ነው ወይስ ሞኝነት ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፥ እኛ በራሳችን ላይ የደረሰውን እንነግረዋለን።

እናታችን በልጅነታቸው በአባታቸው ቤት ይሰሟቸው የነበሩትን ሦስት ሸክላዎች በነጠላ ጠቅልለው በሣጥን ውስጥ አኑረዋቸው ነበር። ማጫወቻው ግን ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኛም ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ በሄድን ጊዜ፥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፥ ሞላው በእጅ የሚጠመዘዝ ግራማፎን አየንና ለቤት ክዳን ቆርቆሮ ባስቀመጥነው ገንዘብ ገዛነው። ባለቤታችን ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «እንግዲህ ክረምቱን ዘፈን ተከድነን ልናሳልፈው ነውን?» አሉን። የካፋ ዝናብ ብዙ ነውና መልስ አላገኘንም።

ድምፅን ይዞ መልሶ የሚናገረውን መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ያወጣው አሜሪካዊው ኤዲሶን ነው። መሣሪያው ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በዚሁ አቆጣጠር በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶርያ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀድተው ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ልከዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በ1899 በዚሁ መሣሪያ መልስ ሰጥተዋል። ከ1908 እስከ 1910 ባለው ዘመንም ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀድተዋል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ሸክላዎቹን የቦንጋ እርጥበት አሻግቷቸው ነበርና፥ ማንንም ሳንጠይቅ አንዱን በአልኮል ወለወልነው። ወዲያው ጨርቁ ጠቆረ፤ የሸክላውም ፊት ደበዘዘ፤ ድምፁ የተጻፈበት መስመር ተበላሸ። የዚህ ዓይነት ሸክላ የሚሠራው በህንድ አገር ጥቃቅን ነፍሳት በዛፍ ላይ ከሚያወጡት ሙጫ ነውና አልኮል ያሟሟዋል። ይህን ያወቅነው ካጠፋን በኋላ ነው። አፍረን ለእናታችን ብንነግራቸው፥ «ልጄ፥ የሄደው ሄደ፤ የቀሩትን ግን ጠይቀህ አጽዳ» አሉን።

ጠይቀንም ይህን ተማርን። ሸክላው በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። የብረቱ መርፌ አንዱን ገጽ ካጫወተ በኋላ ይለወጣል፤ የደነዘ መርፌ መስመሩን ያርሳልና። በደቂቃ 78 ጊዜ ለሚዞር ሸክላ የተሠራው ማጫወቻ፥ ኋላ በመጣው የፕላስቲክ ሸክላ ላይ አይጫንም፤ ክብደቱ ይፍቀዋል።

በእሑድ ማታ ሁለተኛውን ሸክላ አኖርንና ሞላውን ጠመዘዝን። መጀመሪያ የዝናብ ድምፅ የመሰለ መጣ፤ ቀጥሎ ሰው ዘፈነ። እናታችን ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲያልቅ፥ «አባቴ ይህን ሰምተው ሲጨርሱ ቡና አምጡ ይሉ ነበር» አሉ። ባለቤታችን ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ጀበናውን ጣዱ፤ ስለ ቆርቆሮውም በዚያች ሌሊት አላነሡም።

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እኛም በፍርድ ቤት የሰውን ቃል ስንጽፍ ሃያ ዓመት ሆኖናል፤ ነገር ግን ቃሉን እንጂ ድምፁን ጽፈን አናውቅም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ የቆየ ሸክላ ቢኖር አትጣለው። ከማጽዳትህ በፊት ግን አዋቂን፥ ከመግዛትህም በፊት ባለቤትህን ጠይቅ።