አስተርጓሚው ሲለወጥ

በሁለት ቋንቋዎች መካከል የቆመ ሰው ሥራው ያማረ መሆኑ የሚታወቀው ሰው ሁሉ ሲረሳው ነው። አድማጩ የተናጋሪውን ሐሳብ በገዛ ቋንቋው የሰማ ያህል ከተሰማው፣ አስተርጓሚው ተግባሩን ፈጽሟል። ስሙ የሚነሣው ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። በኮምፒዩተር ዓለምም እንዲህ ያለ ስሙ የማይነሣ አስተርጓሚ አለ፤ ድራይቨር ይሉታል። ቃሉ «ነጂ» ማለት ይሁን እንጂ፣ ሥራው ከነጂ ይልቅ ለአስተርጓሚ የቀረበ ነው።

የጌም ደራሲ ሐሳቡን የሚጽፈው ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ነው፤ ብርሃን ከዚህ ይግባ፣ በዚህ ግድግዳ ላይ ይረፍ፣ ጥላውም ወደዚያ ይውደቅ ይላል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሥዕሉን የሚሥለው ግራፊክስ ካርድ ግን ይህን ቋንቋ አይሰማም። እያንዳንዱ አምራች፣ እያንዳንዱም የካርድ ትውልድ የራሱ ልሳን አለው። ደራሲው መጽሐፉ በየትኛው ቤት፣ በየትኛው ካርድ ፊት እንደሚነበብ አስቀድሞ ሊያውቅ ስለማይችል፣ ብርሃንና ቀለም የሚያሰሉት ሼደር የተባሉ ትንንሽ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ለካርዱ ልሳን ሳይተረጎሙ ይላካሉ። የመጨረሻውን ትርጉም የሚሠራው በተቀባዩ ቤት ያለው ድራይቨር ነው። በመሆኑም ድራይቨሩ በታደሰ ጊዜ ከድርሰቱ አንዲት ፊደል ሳትነካ ትርጉሙ ሊለወጥ ይችላል።

ለውጡ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው በብርሃን ላይ መሆኑ አያስደንቅም። ግድግዳ በተተከለበት ይቆማል፤ ብርሃን ግን በስሌት ላይ የተደረበ ስሌት ነው። ዮሐን ሃይንሪኽ ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1760 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የአንድ ገጽ ድምቀት ብርሃኑ በሚያርፍበት ማዕዘን እንደሚወሰን አስረዳ። ትውልዱ ቬትናማዊ የሆነው ቡይ ቱኦንግ ፎንግ ደግሞ በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ጥናት፣ የገጽታዎች ነጸብራቅ እንዴት እንደሚሰላ የሚያሳይ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1975 አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም በለጋ ዕድሜው አረፈ። ጄምስ ካጂያ እ.ኤ.አ. በ1986 የብርሃንን ጉዞ በአንድ ጠቅላላ ስሌት ጠቀለለው። ዛሬ በጌም ውስጥ የምናየው ፀሐይና ፋኖስ ሁሉ የእነዚህ ሰዎች ሐሳብ ወራሽ ነው። ስልሳ ሥዕል በሰከንድ ለማሳየት ይህ ሁሉ ስሌት ለእያንዳንዱ ሥዕል 17 ሚሊሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ማለቅ አለበት። በዚህ ጥድፊያ ውስጥ አንዲት ቃል በሌላ መንገድ ብትተረጎም፣ ቀኑ ሊጨልም ይችላል።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር በዚህ አስተርጓሚ ሰበብ ሁለት የሐረር ልጆች ሊቆራረጡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። አንዱ በናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር የሚኖር ፕሮግራመር ነው፤ ሌላይቱ አዲስ አበባ የምትኖር ሠዓሊ። ሁለቱ ተባብረው ከጀጎል ጠባብ መንገዶች አንዱንና አንድ የሐረሪ ቤት በጌም ኢንጅን ውስጥ ይገነቡ ነበር። ተጫዋቹ በኖራ በተለሰኑ ግድግዳዎች መካከል አልፎ፣ ከግቢው ዘልቆ፣ ቀይ የተቀባውን መደብና በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች እያየ የሚዘዋወርበት ሥራ ነው። አሠሪያቸው የክፍያውን ግማሽ እስከ ርክክብ ድረስ ይዞታል። ለርክክቡ የቀሩት 10 ቀናት ነበሩ።

ከሁለት ዓመት ድካማቸው ሁሉ አብልጠው የሚኮሩበት ብርሃኑ ነበር። በተለይም ፀሐይ በማትደርስበት የመንገዱ ወገን፣ በጥላው ውስጥ ሳሳ ያለ ወገግታ ይታያል፤ ያዩትም ሁሉ «ይህስ ሐረር ነው» ብለው ያደነቁላቸው ይህንኑ ነው።

አንድ ማለዳ ፕሮግራመሩ ሥራውን ሲከፍት በዚያ ጥላ ውስጥ ጥቁር አራት ማዕዘኖች ፈልተው አገኘ። ይርገበገባሉ፤ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ይሰፋሉ፤ ጥቂት ቆይተውም ግድግዳውን እንዳለ ይውጡታል። ሠዓሊዋ በዋዜማው ምሽት የታደሰ ግድግዳ ልካለት ስለነበር ጥርጣሬው ወደ እሷ ዞረ።

«ግድግዳውን ምን አደረግሽው?» ሲል ጻፈላት።

«አቦ፣ እኔ ቀለሙን ብቻ ነው የቀየርኩት» ስትል መለሰች። «እኔ ጋ ምንም የለም። እንዲያውም እንደዛሬ አምሮ አያውቅም።»

አላመናትም፤ የላከችለትን ምስል የድሮ ነው አለ። እሷም በበኩሏ ሼደሩን ነካክቶ ሊሸፍን የፈለገ መሰላት። ሁለት ቀን እንዲህ ሲጻጻፉ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ማታ «የሁለት ዓመት ሥራ በአንድ ምሽት አበላሸሽው» የሚል ቃል ከእሱ ወጣ። ሥዕሉን ለማቃናት ከፈጀው ጊዜ ይልቅ ያን ቃል ለማስረሳት የፈጀው በለጠ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በሦስተኛው ቀን በመጀመሪያው ቀን ሊጠየቅ ይገባው የነበረውን ጠየቀ፤ ማን አጠፋ ሳይሆን ከትናንት እስከ ዛሬ ምን ተለወጠ? የቀድሞውን ግድግዳ መልሶ አስገባ፤ ጥቁሮቹ እንዳሉ ናቸው። ሠዓሊዋ ነጻ ወጣች። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ በራሱ የሠራቸውን እድሳቶች ዝርዝር ተመለከተ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በሌሊት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አዲስ የግራፊክስ ድራይቨር አውርዶ ጭኗል። ሠዓሊዋ ግን ኢንተርኔት የምትጠቀመው በፓኬጅ እየገዛች ስለሆነ፣ በመቶዎች ሜጋባይት የሚመዝነውን እድሳት አስቀርታው ኖራለች፤ የእሷ ድራይቨር አንድ ዓመት ያለፈው ነበር። ድርሰቱ አንድ ነው፤ አስተርጓሚዎቹ ሁለት ናቸው። ሁለቱም ያዩትን በትክክል ተናግረው ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ለሚገጥመው ሰው ሥርዓቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ነው። አስቀድሞ የሁለቱን ድራይቨሮች ቁጥር መመዝገብ ይገባል። ከዚያም አዲሱን አንሥቶ የቀድሞውን መመለስ ነው፤ ዊንዶውስ በመሣሪያዎች መቆጣጠሪያው ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቁልፍ አለው። ያ ካልበቃ ኮምፒዩተሩን በሴፍ ሞድ አስነሥቶ ድራይቨሩን ከነርዝራዡ ማጥፋትና አሮጌውን ከአምራቹ ወስዶ መጫን ያስፈልጋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ኮምፒዩተሩ ተርጉሞ የጨረሰውን ሼደር ዳግመኛ ላለመድከም ያስቀምጠዋል፤ ኢንጅኑም የራሱ ማከማቻ አለው። እነዚህ ካልጸዱ መርማሪው አዲሱን አስተርጓሚ በአሮጌ ትርጉም ሊመዝነው ይችላል። ፕሮግራመሩ ሁለቱንም አጽድቶ ሦስት ጊዜ ሞከረ። በአሮጌው ድራይቨር ጥቁሮቹ ይጠፋሉ፤ በአዲሱ ይመለሳሉ።

ብዙ ሰው ከዚህ ላይ ያቆማል። እሱም «ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው፤ አሮጌውን እንጠቀም» ብሎ ጻፈላት። የሠዓሊዋ መልስ ጥያቄ ነበር፤ «እሺ፣ የአሠሪያችን ኮምፒዩተር የትኛው ነው ያለው? የሚጫወቱት ሰዎችስ ቤት?»

ምርመራው ገና እንዳልተጀመረ ያን ጊዜ ገባው። የሥራውን ቅጂ አውጥቶ ስፌቱን፣ መደቡን፣ ሰማዩን ሁሉ ጣለ፤ አንድ ግድግዳና አንዲት ፀሐይ ብቻ ቀሩ። ጥቁሮቹም ቀሩ። ከዚያ የብርሃን አገልግሎቶቹን አንድ በአንድ ያጠፋ ጀመር። የጥላውን ስሌት አጠፋ፤ ለውጥ የለም። ደማቅ ነገር ዙሪያውን ወጋገን እንዲረጭ የሚያደርገውን ብሉም የተባለውን ሲያጠፋ ግን፣ ታላላቆቹ አራት ማዕዘኖች ጠፍተው በምትካቸው መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ነጠብጣቦች ታዩ። ብሉም እያንዳንዷን የሥዕል ነጥብ ከጎረቤቶቿ ጋር የሚያዋሕድ በመሆኑ፣ አንዲት የተበከለች ነጥብ አካባቢዋን ሁሉ ስትበክል ኖራለች። ያለፈውን ሥዕል ከአሁኑ ጋር የሚያዋሕደውንም ሲያጠፋ፣ ነጠብጣቦቹ ከሥዕል ወደ ሥዕል መዛመታቸውን ተዉ። አዛማቾቹ ታወቁ፤ ምንጩ ግን ገና ነው።

ለዚህ ሬንደርዶክ የተባለው መሣሪያ ጠቀመው። ባልዱር ካርልሰን የጀመረውና እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነው ይህ ነጻ ፕሮግራም፣ አንድን ሥዕል አስቁሞ በየደረጃው እንዴት እንደተሠራ ያሳያል። ፕሮግራመሩ ከነጠብጣቦቹ በአንዷ ላይ አነጣጥሮ ዋጋዋን ጠየቀ። መልሱ ጥቁርም ነጭም አልነበረም፤ ናን የሚል ነው፤ ትርጉሙም «ቁጥር ያልሆነ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የኮምፒዩተር ስሌት ደንብ ይህን ምልክት ያኖረው መልስ ለሌለው ስሌት ነው። የነካውን ድምርና ብዜት ሁሉ ወደ ራሱ ይለውጣል፤ በዜሮ እንኳ ቢባዛ አይጠፋም።

ምንጩ የኖራውን ደብዛዛ ነጸብራቅ የምታሰላ፣ ከፎንግ ቀመር የተቀዳች አንዲት መስመር ሆና ተገኘች። በመስመሯ ውስጥ የብርሃኑን አቅጣጫ የሚለካ ቁጥር አለ። ግድግዳው ወደ ፀሐይ ሲዞር ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ይሆናል፤ ጀርባውን ሲሰጥ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የተለመደው ሥርዓት ከዜሮ በታች የሆነውን አስቀድሞ ዜሮ ማድረግ ነው፤ በመስመሯ ላይ ይህ ተዘንግቷል። ከዚያም ቁጥሩ ወደ ሁለተኛ ኃይል ከፍ እንዲል ታዟል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች 0.3 ነው እንበል። አሮጌው ድራይቨር «ሁለተኛ ኃይል» የሚለውን ሲያይ አቋራጩን መርጦ ቁጥሩን በራሱ ያባዛል፤ 0.09 ያገኛል፤ ምልክቱም ከዜሮ በላይ ይሆናል። አዲሱ ድራይቨር ለማንኛውም ኃይል በሚያገለግለው አውራ መንገድ፣ በሎጋሪዝም በኩል ይሄዳል። ከዜሮ በታች ላለ ቁጥር ደግሞ በዚህ ስሌት ሎጋሪዝም የለውም፤ ናን ተወለደ። የሼደር ቋንቋው ደንብ ለእንዲህ ያለው ትእዛዝ ውጤቱ ያልተወሰነ ነው ስለሚል፣ ከሁለቱ አስተርጓሚዎች አንዱም ደንብ አልጣሰም።

ሁለቱን የሐረር ልጆች ይበልጥ ያስደነገጠው ግን ሌላ ነበር። ሰው ሁሉ ያደነቀው የጥላው ወገግታ ያው 0.09 ነው። ፀሐይ የማታየውን ግድግዳ ታበራ የነበረችው በስሕተት ነው። አሮጌው አስተርጓሚ የደራሲዎቹን ግድፈት ለሁለት ዓመት በዝምታ ሲያለዝብላቸው ኖሯል፤ አዲሱ እንደተጻፈው አነበበው።

ድራይቨሮች ከተጻፈው ውጭ የራሳቸውን ፍርድ መጨመራቸው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 መርማሪዎች የኩዌክ ሦስት ጌም ፋይልን ስም ከ«ኩዌክ» ወደ «ኩዋክ» ቢለውጡት፣ በኤቲአይ ራዲዮን 8500 ካርድ ላይ ፍጥነቱና የሥዕሉ ጥራት ተለውጦ ተገኘ። ድራይቨሩ ጌሙን በስሙ እያወቀ ለብቻው ይተረጉምለት ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ዳይሬክትኤክስ 12 እና በ2016 የወጣው ቩልካን ከዓላማዎቻቸው አንዱ ይህን የተሰወረ ፍርድ መቀነስና ኃላፊነቱን ወደ ደራሲው መመለስ ነው። የሼደሩ የመጨረሻ ትርጉም ግን አሁንም በድራይቨሩ እጅ ነው።

ይህ ሲባል አስተርጓሚው አይሳሳትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ኤንቪዲያ 196.75 የተባለውን ድራይቨሩን፣ በካርዶቹ ማቀዝቀዣ ላይ ችግር በማስከተሉ ለማንሣት ተገድዷል። ስለዚህ መርማሪው ለማንም አያዳላም። አንድ ግድግዳና አንዲት ፀሐይ የቀሩበትን ቅጂ፣ የካርዱን ዓይነት፣ ጤነኛውንና ሕመምተኛውን የድራይቨር ቁጥር፣ ሁለቱንም ምስሎች ይዞ ከቀረበ፣ ጥፋቱ ከደራሲው ይሁን ከአስተርጓሚው በቶሎ ይለያል። ይህን ሳያደርጉ በቅርብ ያገኙትን ሰው መውቀስ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

መስመሯ በጥቂት ፊደላት ታረመች፤ ነጠብጣቦቹም ጠፉ። የጥላው ወገግታም አብሮ ሄደ፤ መንገዱ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ለርክክቡ የቀሩት 5 ቀናት ነበሩ። በዚህ ጊዜ ሥራውን ያነሣችው ሠዓሊዋ ናት። የሐረር ጥላ ጨለማ እንዳልሆነ ከልጅነቷ ታውቃለች፤ ብርሃኑ ግን ከፀሐይ በቀጥታ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣ ነው። አረንጓዴው ግድግዳ ብርሃኑን አረንጓዴ አድርጎ ይመልሳል፤ በበሩ የገባው ጨረር ቀዩን መደብ ነክቶ የነጩን ግድግዳ ግርጌ ያቀላል። የትኛው ግድግዳ በስንት ሰዓት ለየትኛው እንደሚያበድር ሣለችለት፤ እሱም በስሌት አስገባው። በአሮጌውም በአዲሱም ድራይቨር አንድ ዓይነት ሥዕል ወጣ። ርክክቡ በቀኑ ተፈጸመ፤ ቀሪው ክፍያም ተከፈለ።

ፕሮግራመሩ ይቅርታ ሲጠይቅ መልሷ አጭር ነበር፤ «ተቀብያለሁ። ሁለተኛ ግን እኔን ከመጠየቅህ በፊት ድራይቨርህን ጠይቅ።» ከዚያ ወዲህ በሥራ ማኅደራቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለች። ቀን፣ የማን ኮምፒዩተር፣ የድራይቨሩ ቁጥር፣ ምን ተለወጠ። ሁለቱም ማለዳ ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚከፍቱት እሷን ነው።