የዛገው ብሎንና የእኛ ችኮላ

ፋሲካ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የመኪናችን አንድ ብሎን አልፈታ አለ። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ነው። እኛ ግን በዚያ ብሎን ሦስት ቀን ከስረናል፣ ከልጃችንም ጋር ተኮራርፈናል። አሮጌ መኪና ይዞ ድንበር የሚመላለስ ሁሉ አንድ ቀን ይደርስበታልና የሆነውን እንዳለ ጽፈነዋል።

እኛ የምንለው ሁለት ሴቶች ነን፤ አንዷ ለሌላዋ የወንድም ሚስት ናት። ኪሌሌሽዋ በአንድ አፓርታማ እንኖራለን፣ በአንድ መዝገብ እንነግዳለን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጀበናና የሐበሻ ልብስ ከሞያሌ እያመጣን ናይሮቢ ላለው ወገን እናከፋፍላለን። መኪናችን የ2004 ቶዮታ ፕሮቦክስ ናት። ዕቃችን ሞያሌ ደርሶ ይጠብቀን ስለነበር ቅዳሜ ሌሊት ለመነሣት ቆርጠን ነበር። የዶሮ ወጥ በርበሬ ከፋሲካ በኋላ ቢመጣ ማን ይገዛዋል?

ፍሬን ስንይዝ ግን መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለፉንዲው አሳየነው፤ እዚህ አገር የእጅ ባለሙያ ሁሉ ፉንዲ ነው። የፊት ዲስኮቹ ሳስተዋል አለን። ፋብሪካው በዲስኩ ላይ አነስተኛውን ውፍረት ይጽፋል፤ የእኛዎቹ ከዚያ በታች ወርደዋል። ኪሪንያጋ ሮድ ሄደን ጥንድ ዲስክ ገዛን። የእጅ ዋጋ 2,000 ሺሊንግ ሲለን የሃያ ዓመቱ ልጃችን፣ «ለምን ትከፍላላችሁ? እኔ እሠራዋለሁ» አለ። እኛም ደስ አለን። እውነቱን ለመናገር ገፋፋነውም።

የቀኙን በአንድ ሰዓት ጨረሰ። በግራ በኩል ግን የፍሬኑን መያዣ ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች የታችኛው ዝጎ ተጣብቋል። «ቶሎ በል፣ ይመሻል» እያልን ከላዩ ቆምንበት። እሱም የተበላ ባለ 12 ጥርስ መፍቻ ላይ የቧንቧ ቁራጭ አስገብቶ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። መፍቻው ዞረ፤ ብሎኑ ግን አልዞረም። የ17 ቁጥሩ ራስ ማዕዘኑ ተላጦ ክብ ሆነ። ከመካከላችን አንዷ «አበላሸኸው!» ብላ ጮኸች። ልጁ መፍቻውን ወርውሮ ወደ ቤት ገባ።

በማግስቱ ፉንዲውን ከሚሠራበት ዛፍ ሥር ለምነን ወደ ግቢያችን አመጣነው። እንደሱ በሜዳ ላይ የሚሠሩትን ጁዋ ካሊ ይሏቸዋል፤ ጠራራ ፀሐይ ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ማን ነው የቸኮለው?» ሲል ጠየቀ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኛም ዝም አልን።

ከዚያ የሚያሳፍር ነገር ተናገርን። «አሮጌው ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ ግጠምልንና ለአንድ ጉዞ እንሂድበት» አልነው። ፉንዲው እጁን ጠረገ። «ማማ፣ ከቲማው ወደ ኢሲዮሎ የሚወርደውን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። በዚህ ፍሬን ዕቃ ጭናችሁ ከተመለሳችሁ፣ ይህችን መኪና እኔ ነክቻታለሁ ብላችሁ ለማንም እንዳትናገሩ» አለን። ከናይሮቢ ሞያሌ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመንገዱ ላይ የተገለበጡ መኪኖችን ያላየ ነጋዴ በመካከላችን የለም። ዝም ብለን ራሳችንን ነቀነቅን።

ሥራውን የጀመረው ልጁን ጠርቶ ነው። መጀመሪያ ሸራዎቹን አወጡ፤ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ አይያዝምና። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቁት። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ጥርሱ እርስ በርሱ ይጨናነቃል፤ ጉልበት ሲጨመርበት የሚሸነፈው የብሎኑ ራስ ነው። ከዚያ ሰርጎ የሚገባ ዘይት ነፉበት፣ ብሎኑን በመዶሻ ቀስ እያሉ መቱት፣ እንደገና ነፉበት። «አሁን ተዉት፤ ሰኞ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። እሑድ ሆሳዕና ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ስንመለስም መኪናዋ አንድ እግሯን አንሥታ እንደቆመች ናት። የግቢው ጠባቂ በየሰዓቱ ይነጫነጭብን ነበር።

ሰኞ ፉንዲው የላይኛውን ብሎን ለልጁ ሰጠው። እሱም እኩል የዛገ ነበር፣ ራሱ ግን አልተላጠም። ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ገጠመበት፤ ቡሶላው የብሎኑን ጎን ሙሉ ለሙሉ ስለሚይዝ እንደ ባለ 12 ጥርሱ አያንሸራትትም። «መጀመሪያ ትንሽ አጥብቀው፣ ከዚያ አላላው» አለው። ብሎኑ ሲጢጥ ብሎ ተፈታ። ያኔ ነው የገባን። አርብ ዕለት አንድ ሌሊት ብንታገሥ ኖሮ የታችኛውም እንዲሁ ይፈታ ነበር።

ለታችኛው የ16 ቁጥር ቡሶላ በመዶሻ አስገብተው ሞከሩ፤ አንሸራተተ። በዚህ መካከል የልጁ አባት ከአዲስ አበባ ደወለ። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። «ዳዶ በይዱበት!» አለ።

ልጁ ወደ እኛ ዞሮ፣ «ዳዶ ምንድን ነው?» አለን።

ናይሮቢ ያደገ ልጅ ነው። እሱ የሚያውቀው ስፓናና ናቲ ነው። አባቱ የሚያውቀው ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ነው፤ ጣሊያን ከመኪናው ጋር ትቶልን የሄደው ቋንቋ። እኛ በመሃል ቆመን፣ «ዳዶ ማለት ናቲ ነው» እያልን ለልጁም ለፉንዲውም አስተረጎምን። ፉንዲው ሳቀ፤ እሱም ሊያደርግ ያሰበው ያንኑ ነበር።

በያጅ ተጠራ። የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቀለ። በያጁ በተላጠው ራስ ላይ አዲስ ዳዶ አስቀምጦ በቀዳዳው ውስጥ በየደው። የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቃል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የተነፋበትን ብረት መበየድ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ፉንዲው ማጽጃውን እስከ መጨረሻው አላስነካንም። ትንሽ በረድ ሲል መፍቻውን ለልጁ ሰጠው። ወደ ቀኝ ጥቂት፣ ወደ ግራ ጥቂት፣ ዘይት፣ እንደገና። «ቋ!» አለና ዞረ። ልጁ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየን። እኛም ይቅርታ ጠየቅነው፤ ስንቆምበት የነበርነው እኛ ነንና።

ጥርሱን አጽድተው፣ አዲስ ብሎኖች አስገብተው፣ አዲሱን ዲስክ ገጠሙ። ማክሰኞ ሌሊት ወጣን። ሐሙስ ማታ ተመለስን፤ ከደንበኞቻችን አራቱ ግን ከሌላ ገዝተው ነበር።

ከሁለታችን አንዷ ከኮሜርስ ዲፕሎማ አላትና ሒሳቡን እንዲህ ጻፈችው። ለማትረፍ የፈለግነው 2,000። ለፉንዲው 2,500፣ ለበያጁ 2,000፣ ለዘይቱ 700፣ ለብሎኖቹ 400፤ ድምሩ 5,600 ሺሊንግ። ያመለጡን አራት ደንበኞች በዚህ ውስጥ የሉም።

እዚህ አገር የሚገቡት መኪኖች አብዛኞቹ ጃፓን ያገለገሉ ናቸው። በረዶ በሚጥልበት የጃፓን አካባቢ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን፣ ከላይ የሚያብረቀርቅ መኪና ከሥሩ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ስትገዙ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ብሎን እምቢ ሲላችሁም ዘይት ነፍታችሁ ሂዱና እደሩ። በእኛ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እዚህም «ሐራካ ሐራካ ሃይና ባራካ» ይላሉ፤ ችኮላ በረከት የለውም ማለት ነው።

በቁልቁለቱ ላይ መኪናዋን የነዳው ልጃችን ነበር። ፍሬን ሲይዝ መሪው አልተንቀጠቀጠም። ዳዶ የተበየደበት ብሎን አሁን የሒሳብ መዝገባችን ላይ ተቀምጧል፤ ወረቀት እንዳይበር ይይዝልናል።

መንገዱ ይቅናችሁ።