ላቡ ሳይደርቅ፣ ግን ስንት?

ሾላ ገበያ አካባቢ የምንኖር ተማሪዎች ከፈጅር ሶላት ስንመለስ አካፋ ይዘው ሥራ የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞችን እናያለን። መንገዱ የሚሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የቀን ክፍያቸው ግን በትንሹ እሺ ባለው ሰው ይቆረጣል።

አሜሪካ ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት ግንባታዎች ላይ የአካባቢው የሥራ ዋጋ እንዲከፈል በሕግ ታስገድዳለች። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ እንዲኖር ቢደነግግም፣ ወለሉ ሳይቆረጥ ዓመታት አለፉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ እንዲከፈለው አዘዋል። ፈጥኖ መክፈል ሐቅ ነው፤ የማያኖር ክፍያ ግን ፈጥኖ ቢሰጥም አያጠግብም።

ነገ ከመካከላችን የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ፣ ውል የሚያረቅ የሕግ ባለሙያ ይወጣል፣ ኢንሻአላህ። የሲሚንቶው ዋጋ በሚጻፍበት ሰነድ የሰውየው የቀን ክፍያ ወለልም እንዲጻፍ ከዛሬው ኒያ እናድርግ።