ከዲያኒ ሰማይ በታች

ከሞምባሳ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ ሊኮኒ ላይ በማሻገሪያ ጀልባ ተሻግሮ ወደ ዲያኒ ይጓዛል። አሸዋው ነጭ ነው ይባላል፤ እኔ ግን በዚያ ማለዳ በወጉ አላየሁትም። በፓራሹት መዝለልን ልማር ተመዝግቤ ነበርና ጉልበቴ ይብረከረክ ነበር።

መምህሩ ስለ ፍርሃቴ አልነቀፉኝም። በደረቴ አስተኝተው፣ እጆቼንና እግሮቼን አንሥቼ ሆዴን ወደ መሬት እንድገፋ፣ የከፍታ መለኪያውን አይቼ የፓራሹቱን መክፈቻ እጀታ እንድነካ ደጋግመው አሠሩኝ። እጄ ሥራውን ሲለምድ ልቤም ጥቂት ተመለሰ።

አይሮፕላኑ 12,000 ጫማ ያህል ከወጣ በኋላ በሩ ተከፈተ። ሁለት መምህራን ግራና ቀኝ ይዘውኝ ወጣን። ፍርሃቴ በደጃፉ ቀረ ብል ሐሰት ይሆንብኛል፤ ዳሩ ግን 5,500 ጫማ ላይ እጄ ሳላዘው እጀታውን አገኘ። ጨርቁ ከራሴ በላይ በተዘረጋ ጊዜ፣ ሁሉ ጸጥ አለና ባሕሩን አየሁ።