ድንበር ገፊ

በእኛ አገር በጋይንት ለሰው ከሚወጡ ስሞች ሁሉ የሚከፋው «ድንበር ገፊ» የሚለው ነው። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የመሬት ሽማግሌ ነበሩ። ጎረቤታሞች በእርሻ ወሰን ሲጣሉ ከዘራቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ እኔም ከኋላ ከኋላቸው እከተላለሁ። «አንድ ስንዝር የገፋ ሰው የጎረቤቱን እንጀራ ነው ያረሰ» ይሉ ነበር። ይህን እየሰማሁ አድጌ በ34 ዓመቴ ድንበር ገፊ ሆንኩ፤ ያውም በውኃ ላይ። ነገሩ ከሆነ ስምንት ዓመት አልፎታል። እስከ ዛሬ ለማንም በዝርዝር አልተናገርኩም።

ባለቤቴ የእስቴ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው መካነ ኢየሱስ ነው። ስንጋባ ጣናን በጀልባ አሳይሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ሁለታችንም ደገኞች ነን። የእኔ ከተማ ንፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እንደ ስሟም ንፋሷ ጋቢ ይገፍፋል። 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለው ጣና ለእኛ ሞቃት አገር ነው። የስማዳ ዘመዶቻችን ስለ ዓባይ በረሃ አዞ ሲያወሩ ሰምታ ስለነበር ባለቤቴ ገና ከመሳፈራችን «አዞ አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ጀልባ ነጂው፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ፈገግ አሉ። «ጣና አዞ የለበትም፤ የዓባይ ፏፏቴ ከታች አያሳልፈውም። ጉማሬ ግን አለ። እሱን አክብሩልኝ» አሉን።

መስከረም እያለቀ ነበር። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሥቶ ሐይቁን ስለሚያናውጠው ገና ጎሕ ሲቀድ ከባሕር ዳር ተነሣን፤ የምሥራቁን ዳርቻ ይዘን ወደ ሰሜን። ውኃው ጸጥ ብሏል። ማገዶ የጫኑ የደንገል ታንኳዎች በአጠገባችን ያልፋሉ። ፔሊካኖች ተሰልፈው ይዋኛሉ፤ አንድ ራሰ ነጭ ንስር ዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ዓሣውን በጥፍሩ ረግጦ ይበላል። ፀሐዩ ሲበረታ ባለቤቴ ነጠላዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አጣጠፈችና ዝም ብላ ታይ ጀመር። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ጣና ቂርቆስ ደረስን። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለ800 ዓመት የኖረችበት እንደሆነ በትውፊት የሚነገርለት ገዳም ነው። ሴት ስለማይገባበት ባለቤቴ ጀልባው ላይ ቀረች፤ እኔ ወጥቼ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየሁ። ስመለስ ቅር ብሏት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ምን ቅር ይለኛል? ከዚሁ ተሳልሜያለሁ። ወሰኑ እዚህ ነው ካሉኝ እዚህ እቆማለሁ» አለችኝ። ልብ አላልኩትም።

ከዚያ ጉማራ ወንዝ ሐይቁን ወደሚቀላቀልበት አመራን። ውኃው እንደ ሻይ በወተት ደፍርሷል። ባለቤቴ እጇን ነክራ አወጣችና በጣቶቿ መካከል የቀረውን ደለል አየች። «ይኼ እኮ የእኛ አገር አፈር ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ጉማራ የሚነሣው ከጉና ተራራ ነው። ነጂው በክረምት ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ወንዙን ሽቅብ እንደሚወጣ፣ መግቢያው ላይ መረብ የሚዘረጉ ሰዎች ዘሩን እየጨረሱት እንደሆነ ይነግሩን ጀመር። እኔ አልሰማቸውም። ደንገሉ ጥግ ሁለት ጆሮዎች ሲርገበገቡ አይቻለሁ። ጉማሬ ናት፤ ግልገሏ ጀርባዋ ላይ ጋደም ብሏል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይጠጉ» አልኳቸው።

«ልጅ ይዛለች፤ እዚህ ይበቃል።»

«ተው እንጂ፣ ከዚህም ይታያል» አለች ባለቤቴ።

«ይኼን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩት ከሩቅ ለማየት ነው እንዴ?» አልኩ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። ሰውዬው አንገታቸውን ደፍተው ጠጉ።

ጉማሬዋ አፏን በሰፊው ከፈተች። ያዛጋች መስሎኝ ሳቅኩና ስልኬን አነሣሁ። ሰጠመች። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ውኃው እንደ ትልም እየተገመሰ ወደ እኛ መጣ። ነጂው ሞተሩን አስጓርተው ጀልባውን ሲያዞሩ ከሥር ተመታን። ጀልባው በአንድ ጎኑ ተነሣ፣ ስልኬ ውኃ ገባ፣ የባለቤቴ ክንድ ከጠርዙ ጋር ተጋጨ። ስንርቅላት ወደ ግልገሏ ተመለሰች፤ አልተከተለችንም።

ነጂው ከብዙ ዝምታ በኋላ «እሷ ምን አደረገች? ደጇ ድረስ የሄድነው እኛ» አሉ። ባለቤቴ ክንዷን በነጠላዋ ጠቅልላ «ሁለታችንም ተው ብለንህ ነበር» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። አጥንቷ ተሰንጥቆ ነበር።

ያን ሌሊት የአባቴ ከዘራ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። የነጂው «ይበቃል»፣ የሚስቴ «ተው»፣ የእንስሳዋ የተከፈተ አፍ፣ ሦስቱም የወሰን ድንጋይ ነበሩ። ሦስቱንም ረግጬ አለፍኩ፤ ከፍያለሁና ሁሉ የእኔ መስሎኝ። ሌላም ትዝ አለኝ። በዚያው ዓመት እኔው ራሴ ታናሽ ወንድሜን በጅረታችን ዳር ያለውን የሣር ጥግ ጨምረህ እረስ ብዬው ነበር። አባቴ በሕይወት ዘመናቸው ሞፈር ያላስነኩት ጥግ ነው።

የጣናም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ዩኔስኮ ሐይቁን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዝግቦታል። ጥበቃው ግን ከባሕር ዳር ወደብ ሳይሆን ከተራራው መጀመር አለበት፤ ከየማሳው ተጠርጎ የሚወርደው ለም አፈር ሐይቁን በደለል ይሞላዋል፣ እንቦጭ የሚባለውን አረምም ይቀልበዋል። የእኛ ጅረት ወደ ጣና ባይወርድም ከስማዳ ግርጌ ወዳለው ዓባይ መውረዱ አይቀርም። በቀጣዩ ክረምት ከወንድሜ ጋር የጅረቱን ዳር ለሣሩ መለስንለት፤ ኮሶም ተከልንበት። ኮሶዎቹ ዛሬ ከእኔ ቁመት በላይ ናቸው።

ሐምሌ ገብቶ ብርዱ ሲጠና የባለቤቴ ክንድ ይጠዘጥዛታል። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ለጋ ቅቤ አሽላታለሁ። ጠንከር አድርጌ ከያዝኩት «ተው» ትለኛለች። እጄን እዚያው አቆማለሁ።