መቼ ጠየቅሽኝ?



የምኖረው ፔታ ቲክቫ ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ «ታሪክና ማኅበራዊ ሚዲያ» በሚባል ትምህርት የመምህሩ ረዳት ነኝ። የተማሪዎችን ጽሑፍ አርማለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀንም አወያያቸዋለሁ።

አንድ ተማሪ ከፌስቡክ ያገኘውን ፎቶግራፍ አቀረበ። ወገኖቻችን ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎባቸው አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠዋል። ከሥሩ «የሙሴ ዘመቻ፣ 1984» ይላል። እኔም ሳልመረምር ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

ማታ ፎቶግራፉን ለአባቴ አሳየኋቸው። ገና ሲያዩት፣ «ልጄ፣ ይህማ የእኛ ነው! ቁጥሩን የለጠፉብን አዲስ አበባ ነው» አሉኝ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «መቼ ጠየቅሽኝ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የሙሴ ዘመቻ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. ከሱዳን በስውር የተደረገ ነው። ቁጥር ተለጥፎባቸው የመጡት ግን በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ የተጓዙት ከ14,000 በላይ ወገኖች ናቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስህተቴን በተማሪዎቹ ፊት ተናገርኩ። አስተማሪዬ ማን እንደሆነም አልደበቅሁም።

ወገኖቼ፣ በቅርቡ የመጣችሁም ብትሆኑ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራ ስትጠብቁ የተነሣችሁት ፎቶግራፍ በስልካችሁ አለ። ዛሬውኑ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ጻፉበት። እናንተ ካልጻፋችሁት የማያውቀው ሰው ይጽፍበታል።