የእናቴ ዱባ



መስከረም ላይ ለእረፍት ቤት ስገባ የጓሯችን ዱባ ደርሶ ነበር። እናቴ ዱባ ወጥ፣ ቀይ ስር በድንች፣ ፎሶሊያ በካሮት ሠርታ ትሪውን አስዋበችው። እኔ ግን «ሥጋ የለም እንዴ?» አልኩ። ዝም አለች።

ማታ መድረሳ የቀራሁት ሐዲስ ትዝ አለኝ። አንድ ልብስ ሰፊ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጋብዞ መረቅ አቀረበ። ቋንጣም፣ የዱባ ዘመድ የሆነው «ዱባእ»ም ነበረበት። እርሳቸው ከሳህኑ ዙሪያ የፈለጉት ዱባእውን ነበር። ይህን ያዩት አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዱት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ኡስታዝ ፊት በቃሌ ሳሰማው አንድ ቃል አልሳትኩም ነበር፤ ማዕድ ላይ ግን ሳትኩ።

በማግስቱ ዱባውን እኔ ከተፍኩ። ሽንኩርት አቁላልቼ በርበሬ ጨመርኩ። እናቴ «ውሃ አታብዛ ልጄ፣ ዱባ የራሱ ውሃ አለው» አለችኝ። ስትቀምሰው «ጨው አንሶታል» ብላ ሳቀች። ይቅርታ የጠየቅኳት ያኔ ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቤት ስንገባ በቀረበልን ላይ ቢስሚላህ እንበል እንጂ የጎደለውን አንቁጠር። አላህ የወላጆቻችንን ሐቅ የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።